ቤሪሊየም ለምን እንደ ካልሲየም አይሆንም? ችግርና መፍትሄ

ደሴም ሁኑ ወልድያ፣ ኮምቦልቻም ሁኑ ከሚሴ፣ ለ12ኛ ክፍል ፈተና ስታጠኑ ቤሪሊየም ላይ የምትሳሳቱት ነገር ተመሳሳይ ነው። አብሽሩ፣ ይስተካከላል።

ችግር፦ "ቤሪሊየም ውሃ ውስጥ ሲገባ ሃይድሮጂን ይወጣል" ብላችሁ ጻፋችሁና ኤክስ ተሰጣችሁ።

መንስኤው፦ ግሩፕ 2 (የፔሪዮዲክ ሰንጠረዥ ሁለተኛው ዓምድ) ስለሆነ ብቻ በካልሲየም ለካችሁት። ካልሲየም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይፍለቀለቃል። ማግኒዚየም በቀዝቃዛ ውሃ በጣም ቀስ ይላል፣ በእንፋሎት ግን ይቀጣጠላል። ቤሪሊየም እንፋሎት ውስጥ እስኪቀላ ቢግልም ንክች አይልም። አብዛኛው ማስታወሻ ምክንያቱን የአዮናይዜሽን ኢነርጂ ብሎ ያልፋል። እውነት ነው፣ አቶሙ ትንሽ ስለሆነ የመጀመሪያውን ኤሌክትሮን ለማስለቀቅ 900 ኪሎጁል በሞል ገደማ ይፈጃል፤ ማግኒዚየም 738፣ ካልሲየም 590፣ ባሪየም 503 ነው። እኔ ግን ዋናው ላዩን የሸፈነው ስስ ኦክሳይድ ነው እላለሁ፣ ምክንያቱም ይኸው ቤሪሊየም ቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ሲገባ ሽፋኑ ይሟሟና ሃይድሮጂን ይለቃል። አቅሙ አለው፣ መንገዱ ተዘግቶበት ነው።

መፍትሄው፦ ቤሪሊየም የሚል ጥያቄ ስታዩ በሰንጠረዡ ላይ ከታች ያለውን ማግኒዚየምን ትታችሁ በሰያፍ ወደ አሉሚኒየም ሂዱ። ቤት ያለው የአሉሚኒየም ድስት ውሃ ሲፈላበት የማይበላው በዚሁ ሽፋን ምክንያት ነው።

ችግር፦ "ኦክሳይዱ ቤዝ ነው" አላችሁ።

የማግኒዚየም፣ የካልሲየምና የባሪየም ኦክሳይድ ቤዝ ነው። የቤሪሊየም ግን አምፎተሪክ ነው፣ ከአሲድም እንደ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ካለ ቤዝም ጋር ይሠራል፣ እንደ አሉሚኒየም። ትንሿ አዮን ሁለት ፖዘቲቭ ቻርጅ ተሸክማ የጎረቤቷን ኤሌክትሮን ወደ ራሷ ስለምትስብ ቦንዱ ወደ ኮቫለንት (ኤሌክትሮን መጋራት) ያደላል። ክሎራይዱም ኮቫለንት የሆነው ለዚሁ ነው።

ችግር፦ መምህር ነዎት፣ ቤሪሊየም ግን ላብራቶሪ ውስጥ የለም።

ባይኖርም ጥሩ ነው፣ ብናኙ ሳንባን ክፉኛ ይጎዳል። ከደላንታ ኦፓል ይገኛል ወይ ለሚል ተማሪም መልሱ አይገኝም ነው፤ ኦፓል ሲሊካና ውሃ ነው፣ ቤሪሊየም ያለው ኤመራልድ ውስጥ ነው።

በአሉሚኒየም ፎይል ያሳዩት። ቁራጩን ቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ይጨምሩ። መጀመሪያ ዝም ይላል፣ "አልሠራም" ብለው አይድፉት፣ ሽፋኑ እስኪሟሟ ነው፣ ከዚያ አረፋው እየበረታ ይመጣል። ሌላ ቁራጭ ደግሞ ቀጭን ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ይክተቱ፣ እዚያም አረፋ ይወጣል፣ ማግኒዚየም ግን እዚያው ውስጥ እንዲህ አይፈላም። ሁለቱን ጎን ለጎን ያዩ ልጆች አምፎተሪክ ምን ማለት እንደሆነ አይረሱም። መስኮት ይከፈት፣ መነጽር ይደረግ፣ የሚወጣው ሃይድሮጂን ስለሆነ እሳት አጠገቡ አይድረስ።