ግራናዳ ላይ ታፓስ ስትበሉ

ስፔን፣ በተለይ ግራናዳ ለምትሄዱ፦ ታፓስ ቤት (ታፓስ ከመጠጥ ጋር የሚቀርብ ትንሽ ምግብ ነው) እንደገባችሁ ሜኑ አትጠይቁ። እዚያ ከተማ መጠጥ ስታዙ ምግቡ በነጻ አብሮ ይመጣል። «ኡና ካኛ» በሉ፤ 200 ሚሊ ሊትር ገደማ የምትይዝ ትንሽ ድራፍት ትመጣለች፣ ከጎኗ አንድ ሳህን። ስትደግሙ ብዙ ጊዜ ምግቡም ይቀየራል፤ በሦስተኛው እራት በልታችኋል ማለት ነው። ለስላሳ ብታዙም ያው ነው። ባርሴሎና ግን ይህን አትጠብቁ፣ ታፓሱን ለብቻው ትከፍላላችሁ።

አሳማ የማትበሉ ደግሞ «ያለ ሥጋ» ማለት ብቻውን አያዋጣችሁም። እኔ እንደዚያ ብዬ የባቄላ እሸት መጣልኝ። ደስ ብሎኝ ማንኪያውን ስከት ከሥር ቀያይ የሃሞን፣ ማለትም በጨው የደረቀ የአሳማ ሥጋ፣ ቁርጥራጭ ተሰግስጓል! አስተናጋጁ ሃሞንን ከሥጋ አይቆጥረውም መሰለኝ። ስለዚህ መጠጡን ስታዙ ቀድማችሁ «ሲን ሴርዶ፣ ሲን ሃሞን» (ያለ አሳማ፣ ያለ ሃሞን) በሉ። ጾም ላይ ከሆናችሁ ነጻውን ተዉትና ፓን ኮን ቶማቴ በገንዘባችሁ እዘዙ፤ ዳቦ፣ ቲማቲምና የወይራ ዘይት ነው።

ኮክቴል የሚያምራችሁ ለመጨረሻ አቆዩት። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ነጻው ሳህንም አብዛኛውን ጊዜ ከእሱ ጋር አይመጣም።