የጅማን መልክዓ ምድርና የሕዝቧን መተዳደሪያ አጥንቶ ለመጻፍ

ስለ አንድ ከተማ መልክዓ ምድርና መተዳደሪያ የሚጽፍ ተማሪ ብዙውን ጊዜ ርቀቱንና ከፍታውን ካሰፈረ በኋላ የሥራ ዓይነቶችን ደርድሮ ይጨርሳል። ጅማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ መገኘቷ መጻፍ አለበት፤ ሆኖም ሰው በየት ቦታ ምን ሠርቶ እንደሚያድር የሚያስረዳው ውኃው ከኮረብታ ወደ ረግረግ የሚወርድበት መንገድ ስለሆነ፣ እኔ የምመክረው ያንን ተከትሎ መጻፍን ነው።

ጥናቱን ከጅሬን ኮረብታ ይጀምሩ። ከእ.ኤ.አ. 1878 እስከ 1932 የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥታቸው እዚያ ሲሆን፣ የሲራራ ነጋዴ የሚገናኝበት የሂርማታ ገበያ ደግሞ ከታች ሜዳው ላይ ነበር፤ ከተማዋም ያደገችው በዚሁ ገበያ ዙሪያ ነው። ከዚያ መንገዱን በካርታ እየነደፉ አዌቱ ወንዝን ይዘው ወደ ቦዬ ረግረግ ይውረዱ። እዚህ ሣር የሚያጭደውን፣ ከብት የሚያሰማራውንና ከጭቃው ጡብ የሚያመርተውን ሰው ያነጋግሩ። አንድ ጊዜ ብቻ ሄዶ መጻፍ ያሳስታል፤ በበጋ ግጦሽ የነበረው መሬት በክረምት ውኃ ይተኛበታል።

ብዙ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ቡናው ነው። በኅዳር ወይም በታኅሣሥ በጅማ አካባቢ ወዳሉት ወደ ማና ወይም ወደ ጎማ ወረዳ ቢሄዱ፣ በዋንዛና በብሳና ጥላ ሥር ቀዩ ፍሬ ሲለቀም ይደርሳሉ። ገበሬው እሸቱን በዕለቱ ለማጠቢያ ጣቢያ ሊሸጥ፣ ወይም ቤቱ ከነገለባው አድርቆ ጀንፈል አድርጎ ሊያስቀምጥ ይችላል። የደረቀውን በጭብጡ ይዞ ጆሮው ሥር ሲነቀንቀው ፍሬው ከገለባው ውስጥ ካንቋቋ ደርሷል ማለት ነው። እሸት ወዲያው ገንዘብ ያስገኛል፤ ጀንፈል ግን ለክፉ ቀን የተቀመጠ ጥሪት በመሆኑ ችግር ሲመጣ እየተሰፈረ ይሸጣል። ስለዚህ «ዓመታዊ ገቢዎ ስንት ነው?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ በየትኛው ወር ምን እንደሸጡና ለምን እንደሸጡ ወር በወር ይመዝግቡ። ቡና ገንዘብ የሚያመጣው በዓመት አንድ ጊዜ ሲሆን ጫት ደጋግሞ ስለሚቆረጥ፣ አንዳንዱ ገበሬ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለበት ምክንያት ከዚህ መዝገብ ላይ ግልጽ ይሆናል። መልቀሚያ ሲደርስ በቀን ሥራ የሚተዳደሩትንም አይርሱ፤ መሬት ስለሌላቸው በአብዛኛው ጽሑፍ ውስጥ ስማቸው አይነሣም፣ ይህም ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ማር፣ እንሰትና በቆሎ በአጭሩ ቢጠቀሱ ይበቃል።

በመጨረሻ ሐሙስ ገበያ ይውጡ። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የተሠራውን የጅማ በርጩማ ጨምሮ፣ የእያንዳንዱን ዕቃ ሻጭ ከየት ቀበሌ እንዳመጣው ጠይቀው ከጅሬን እስከ ቦዬ በነደፉት ካርታ ላይ ምልክት ያድርጉ፤ ምልክት ያላገኘ ቦታ ካለ ተመልሰው ሊሄዱበት የሚገባው እሱ ነው።