ለማታውቁት ሰው ኢሜይል ስትጽፉ

ሐረር፣ መኪና ግርግር በሚባለው የሰፊዎች መንገድ ልብስ እሰፋለሁ። ለአሮጌው የስፌት መኪናዬ የታች ክር መያዣ ፍለጋ ውጭ አገር ላለ ነጋዴ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። ዝም። መልሼ ሳነበው ጥፋቱ የኔው ነው፦ ግማሽ ገጽ ሰላምታ፣ ጥያቄው መጨረሻ ላይ። አቦ፣ ማን እስከዚያ ያነባል?

ርዕሱ ላይ "ሰላም" ብላችሁ አትተዉት። የዕቃውን ስም ጻፉ። ከዚያ ማን እንደሆናችሁ በአንድ መስመር፣ ጥያቄውም አንድ ብቻ።

ዋናው ነገር፣ የማያውቃችሁ ሰው ሳይጠይቃችሁ እንዲገባው ማድረግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ፖርቶ ሪኮ ከነበረው የአሬሲቦ ራዲዮ ቴሌስኮፕ፣ ኤም 13 ወደሚባል የከዋክብት ክምችት፣ ምናልባት እዚያ ለሚኖር ፍጡር የተላከው መልእክት 1,679 ምልክቶች ነበሩት። ቁጥሩ 23 ሲባዛ በ73 ነው፤ ሌላ ማካፈያ የለውም። ተቀባዩ በ23 አምድ ከደረደረው ስዕል ይወጣለታል። እኔም እንደገና ስጽፍ ስፌት መኪናዋ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ፎቶ አንስቼ አያያዝኩ፤ የተሰበረውንም ከማስመሪያ ጎን አስቀምጬ።

አስር ቀን ጠብቁ፤ አንዴ ብቻ አስታውሱ፣ እዚያው ኢሜይል ላይ። ኤም 13 ከእኛ 25,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል፤ ከዚያ መልስ ቶሎ አይመጣም። የኔው ሰውዬ ግን በአራተኛው ቀን መለሰ። "የለኝም" አለ፤ ማን ጋ እንዳለ ግን ነገረኝ።