የፍሪሲዮን ካቦ ለምን ቶሎ ቶሎ ይበጠሳል? ካቦና እጀታ ከመግዛታችሁ በፊት

የሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን ካቦ፣ ማለትም መሪው ላይ ካለው የፍሪሲዮን እጀታ እስከ ኢንጅኑ የሚሄደው ሽቦ፣ ሲበጠስ ብዙ ሰው መለዋወጫ ቤት ሄዶ «የቦክሰር ካቦ አለ?» ይላል፣ የተሰጠውን ገዝቶ ያስገባል፣ በቃ። ከጥቂት ወር በኋላ እዚያው ቦታ ላይ ድጋሚ ይበጠሳል። ያኔ «የቻይና ስለሆነ ነው» ይባላል። ጥራት የሌለው ካቦ መኖሩ እውነት ነው። ግን ሁለት ካቦ አንድ ቦታ ላይ ከተበጠሰ ጥፋቱ የካቦው ብቻ አይደለም። ስለዚህ አሮጌውን ሳትጥሉ የተበጠሰበትን ቦታ እዩት።

እጀታው ጋ፣ ካቦው ራስ ሥር ሲበጠስ

በብዛት የሚያጋጥመው ይሄ ነው። የካቦው ክብ ራስ እጀታው ውስጥ ባለ ቀዳዳ ላይ ይቀመጣል። ፍሪሲዮን በጨበጣችሁ ቁጥር ራሱ ቀዳዳው ውስጥ ትንሽ መዞር አለበት። ቀዳዳው ከደረቀ፣ ከቆሸሸ ወይም ከተበላ ራሱ አይዞርም። በእሱ ፈንታ ሽቦው መውጫው ላይ ይታጠፋል። በከተማ ትራፊክ ቀኑን ሙሉ ያቺው ነጥብ ስትታጠፍ ስትቃና ትውላለች፤ ክሮቹም አንድ በአንድ ይበጠሳሉ።

ሳይበጠስ በፊት ማየት ይቻላል። እጀታውን እስከ መጨረሻው ጨብጡና በስልክ መብራት ከሥር በኩል ካቦው የሚገባበትን ክፍተት እዩ። አንድ ሁለት ክር ተነቅሎ ወደ ውጭ ከቆመ፣ በጣት ሲነኩትም ከወጋ፣ በዚያ ካቦ ረጅም መንገድ አትውጡ።

መፍትሄው ካቦ መቀየር ብቻ አይደለም። አዲሱን ካቦ ከማሰራችሁ በፊት ራሱን ቀዳዳው ውስጥ ከታችሁ በጣት አዙሩት። ያለ ጉልበት መዞር አለበት። ካልዞረ ቀዳዳውን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አጽዱና ትንሽ ግራሶ ቀቡት። ቀዳዳው ሞላላ ሆኖ ከሆነ ወይም ሽቦው ጎኑን ቦርቡሮት ከሆነ እጀታውን አብራችሁ ቀይሩ። በተበላ እጀታ ላይ አዲስ ካቦ ማሰር ገንዘብ መጣል ነው።

መሀል ላይ ከተበጠሰ ካቦው የሆነ ቦታ በጣም ታጥፏል፣ ከሻንሲው ጋር ይፋተጋል ወይም ጭስ ማውጫው ሽፋኑን አቅልጦታል። ኢንጅኑ ጋ ከተበጠሰ ደግሞ ካቦው ከማስተካከያው ሲወጣ ቀጥ ብሎ ወደ ፍሪሲዮኑ ክንድ እንደሚሄድ አረጋግጡ። ጠምዘዝ ካለ እዚያ ይበላል።

እጀታው ሲከብድ

ካቦውን በሁለቱም ጫፍ ፍቱትና እጀታውን፣ ካቦውንና ኢንጅኑ ላይ ያለውን ክንድ ለየብቻ ሞክሩ። እጀታው ብቻውን ከከበደ የሚዞርበት ቡሎን ደርቋል ወይም ከልክ በላይ ጠብቋል። ሽቦው ሽፋኑ ውስጥ እየተንቀራፈፈ ከሄደ ዝጎበታል፤ በተለይ ከክረምት በኋላ። ሁለቱም ደህና ሆነው ኢንጅኑ ላይ ያለው ክንድ ከከበደ ነገሩ ከውስጥ ነው፤ ካቦ መግዛት አይጠቅማችሁም፣ መካኒክ ይየው። ይህ ሙከራ ብዙ ጊዜ አይወስድም፤ ሰው ግን ሳያደርገው ካቦ ይገዛል።

አዳዲስ ካቦዎች አብዛኞቹ ውስጣቸው ፕላስቲክ የተለበጠ ነው። እዚያ ውስጥ ግራሶ አትጨምሩ። አቧራ ይዞ ይወፍርና ካቦውን ያስረዋል። ቅባት ካስፈለገ ቀጭን የካቦ ዘይት ይበቃል።

ፍሪሲዮን ጨብጣችሁም ሞተሩ ወደፊት ሲስብ ወይም ዜሮ ማርሽ እምቢ ሲል

መጀመሪያ የእጀታውን ባዶ እንቅስቃሴ ለኩ፤ ካቦው መሳብ ከመጀመሩ በፊት የእጀታው ጫፍ የሚሄደውን ማለት ነው። ለአብዛኞቹ አነስተኛ ሞተሮች ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ ከበዛ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይላቀቅም። ባዶ እንቅስቃሴው በየጊዜው እየጨመረ ከመጣ ካቦው እየተለጠጠ ነው። እየቀነሰ ከመጣ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የፍሪሲዮኑ ሸራ እያለቀ ነው። ሁለቱ ተቃራኒ ናቸው፤ ሲምታቱ ግን ደጋግሜ አያለሁ።

ልኩ ትክክል ሆኖ ችግሩ ከቀጠለና በቅርቡ እጀታ ከቀየራችሁ፣ እጀታውን ጠርጥሩ። እጀታው ከሚዞርበት ቡሎን እስከ ካቦው ራስ ያለው ርቀት ካቦው ምን ያህል እንደሚሳብ ይወስናል። የድሮው 30 ሚሊ ሜትር ሆኖ አዲሱ 25 ከሆነ፣ በአንድ ጭብጥ የሚሳበው ሽቦ በአንድ ስድስተኛ ያንሳል። እጅ ላይ ቀለል ስለሚል ደስ ይላል፤ ፍሪሲዮኑ ግን በደንብ አይላቀቅም። በመልክ የሚመሳሰሉ እጀታዎች በዚህ ይለያያሉ።

ነዳጅ ስትሰጡ ኢንጅኑ ሲጮህ፣ ፍጥነት ግን ሲጠፋ

ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። ባዶ እንቅስቃሴ ጭራሽ ከሌለ ካቦውን አላሉና ሞክሩ። ካልተስተካከለ በቅርቡ የገባውን ዘይት ጠይቁ። የአብዛኞቹ ሞተር ሳይክሎች ፍሪሲዮን የሚሠራው በኢንጅን ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው። ማርሽ ላለው ሞተር ጣሳው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» (JASO MA) ወይም «ኤምኤ2» (MA2) የሚል የሞተር ሳይክል ዘይት ደረጃ ይፈለጋል። ለመኪና ተብሎ የተሠራ ነዳጅ ቆጣቢ ዘይት ሸራውን ሊያንሸራትተው ይችላል። «ኤምቢ» (MB) የሚለው ደግሞ እንዲህ ዓይነት ፍሪሲዮን ለሌላቸው ስኩተሮች ነው።

እጀታ ከተቀየረ በኋላ ስታርተር በማርሽ አልሠራም ሲል

ብዙ ሞተሮች እጀታው ሥር ትንሽ ስዊች አላቸው። አዲሱ እጀታ ስዊቹን የሚጫንበት ቅርጽ ከሌለው በዜሮ ማርሽ ይነሳል፣ በማርሽ ግን ፍሪሲዮን ጨብጣችሁም ዝም ይላል። ባትሪ ከመጠርጠራችሁ በፊት እዚያ እዩ። ለገጠር ሥራ የተሠራው ያማሃ ኤጂ 200 ደግሞ ጭብጡን ቆልፎ የሚይዝ ነገር እጀታው ላይ አለው። በተራ እጀታ ከቀየራችሁት መቆለፊያው ይቀራል።

ስትገዙ

ሞዴል ብቻ ተናግራችሁ አትመኑ። አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሱቁ ውስጥ ጎን ለጎን ዘርጓቸው። መጀመሪያ የሽፋኑን ርዝመት አስተያዩ። ቀጥሎ ከሽፋኑ ውጭ የሚቀረውን ሽቦ ለኩ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፤ እዚህ ላይ ማስተካከያው ሊሸፍነው ከሚችለው በላይ ልዩነት ካለ ካቦው አይሆንም። የሁለቱን ጫፍ ራሶች ቅርጽና የማስተካከያውን ጥርስም አመሳክሩ። መሪው በረዥም ከተቀየረ የፋብሪካው ልክ ያጥርባችኋል።

እጀታ ስትመርጡ ጫፉ ላይ ክብ ኳስ ይኑረው። ስትወድቁ እጃችሁን እንዳይወጋ ነው። በተሰበረ ግማሽ እጀታ የሚነዳ ሰው ሳይ በጣም ያሳስበኛል። የተጣመመ እጀታንም መልሳችሁ አታቅኑ። አሉሚኒየሙ ውስጡ ይሰነጠቅና በማትጠብቁት ሰዓት ይሰበራል።

ስታስገቡ አሮጌውን ካቦ ከመሳባችሁ በፊት ጫፉ ላይ ሲባጎ እሰሩ። ካቦው ሲወጣ ሲባጎው በመንገዱ ይቀራል፤ አዲሱን በእሱ ጎትታችሁ በዚያው መስመር ታሳልፋላችሁ። ከዚያ ኢንጅኑ ጠፍቶ መሪውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እስከ ጥግ አዙሩ። ባዶ እንቅስቃሴው ከተለወጠ ካቦው አጥሯል ወይም መስመሩን ስቷል፤ ፈታችሁ እንደገና አሳልፉት። እጀታውን ከመሪው ጋር የሚያስረውን ቡሎን ደግሞ በእጅ ጉልበት ገፋ ሲያደርጉት በትንሹ እንዲዞር አድርጋችሁ አጥብቁት። ሞተሩ ቢወድቅ እጀታው ከመሰበር ይልቅ ይዞራል።