አፑ 310 ሲል ጫማው 790 ነበር
ደሴ ጦሳ ተራራ ስር ስሮጥ ጉልበቴን ያመኝ ጀመር። ሩጫዬን በምመዘግብበት አፕ፣ ስትራቫ ላይ፣ ጫማዬ 310 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የሚለው። ገና ነው ብዬ ዝም አልኩ። አንድ ቀን ጭቃውን ላጥብ ስገለብጠው የቀኙ ሶል በተረከዙ ጠርዝ በኩል ተልጧል። ውስጡ ያለው ነጭ ስፖንጅ ይታያል።

ጥፋቱ የራሴ ነበር። ለክረምት የገዛሁትን ሁለተኛ ጫማ ስመዘግብ ዋና ጫማ አድርጌው ኖሯል። ከዚያ ወዲህ የሮጥኩት ሁሉ አልጋ ስር በተቀመጠው ጫማ ስም ተጽፏል! እያንዳንዱን ሩጫ ከፍቼ ጫማውን ቀየርኩ። አንድ ማታ ሙሉ ፈጀብኝ። ድምሩ 790 መጣ። የሩጫ ጫማ ብዙውን ጊዜ የሚያገለግለው ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ነው። አሮጌውን እዚያው አፑ ላይ ጡረታ አስወጣሁት።

በዚያው ብስክሌቴንም አየሁ። ሰንሰለቱን በማስመሪያ ለካሁት። አዲስ ሰንሰለት ከፒን እስከ ፒን 24 ክፍተት ሲቆጠር 304.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ የኔ አልቆ ስለረዘመ 307 ደርሷል። ቀየርኩት። የፍሬን ጎማውን ግን ለአፑ አልተውም። ከደሴ ኮምቦልቻ ያለው ቁልቁለት በኪሎ ሜትር አይቆጠርም፤ እሱን በየሳምንቱ በዓይኔ ነው የማየው።