ኖራ ወይስ ጀሶ? ካልሲየም ጎመን ላይ ዚንክን ምን እንደሚያደርገው በጀሪካን መሞከሪያ

አቃቂ ወንዝ ዳር መሬት ያላችሁ ልጆች "ጎመን ወይ ሰናፍጭ ዘርተን ሄቪ ሜታሉን (እንደ ዚንክ ያለውን ከባድ ብረት) እናስመጥጠው፣ ኖራ ስንጨምርበት ደሞ ይፋፋል" ስትሉ እሰማለሁ። ሊፋፋ ይችላል፣ ግን ኖራው ዚንኩን እዛው አፈሩ ላይ ያስረዋል፣ ኖራ ፒኤችን (የአሲድነት መለኪያውን፣ አሲዱ ሲቀንስ ቁጥሩ ይጨምራል) ከፍ ያደርጋላ፣ እሱ በአንድ ከፍ ባለ ቁጥር የሚሟሟው ዚንክ ወደ 100 እጥፍ ገደማ ነው የሚወርደው። ለሚበላ ጎመን ይሄ ጥሩ ነው፣ መሬት ለማፅዳት ግን ኪሳራ።

ጀሶ ሌላ ነው። ካልሲየም ይሰጣል፣ ፒኤቹን ብዙም አይነካም፣ ስለዚ የካልሲየሙን የራሱን ሥራ የምታዩት እሱ ላይ ነው፤ የሥሩን ሽፋን ያጠነክርና ዚንክ ሲበዛ ተክሉ ቶሎ አይጎዳም፣ በዛውም ሁለቱም እኩል ቻርጅ ስላላቸው ሥሩ መግቢያ ላይ ከዚንኩ ጋር ይጋፋል።

ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ቆርጣችሁ ከታች ብሱት። የቆርቆሮ ጣሳ አይሆንም፣ የጣራ ውሃም እንደዛው፣ የቤታችን ቆርቆሮ በዚንክ የተለበጠ ነዋ! አፈሩ ቢቻል ከሆለታ በኩል ያለው ቀይ አፈር ይሁን፣ የአቃቂ መረሬ ራሱ ካልሲየም የጠገበ ስለሆነ ልዩነቱን ይደብቅባችኋል። ደረቅ አፈር ላይ አቼቶ ጠብ አርጉና አረፋ ካወጣ ያንን ተዉት።

በየጀሪካኑ 3 ኪሎ አፈር፣ 1.3 ግራም ዚንክ ሰልፌት (ሄፕታሃይድሬት የሚለውን) በውሃ አሟሙታችሁ፣ ይሄ በኪሎ 100 ሚሊግራም ዚንክ ይሆናል። ከነዚህ ሶስቱን እንዲሁ ተዉ፣ ሶስቱ ላይ 6 ግራም የግብርና ኖራ፣ ሶስቱ ላይ 10 ግራም ጀሶ፣ ካልሲየማቸው እኩል ይመጣል። ዚንክም ምንም ያልገባበት ሶስት ይኑር። ሚዛኑ የወርቅ ሚዛን ቢሆን ይሻላል። የግንባታ ኖራ ቆዳ ያቃጥላል፣ አትንኩት። የግንባታ ጀሶ ግን ነገር ካልተቀላቀለበት ይሰራል፣ መጀመሪያ በውሃ አቡኩትና ድንጋይ ሲሆን ወቅጣችሁ መዝኑት፣ አለበለዚያ አፈሩ ውስጥ ይጓጉላል።

ሁለት ሳምንት እርጥብ አርጋችሁ አቆዩና የሐበሻ ጎመን ዝሩ። አዲሱ ቅጠል በጅማቶቹ መሃል ቢጫ ካለ ዚንኩ አይረን እየከለከለው ነው፣ አሮጌው ከታች ቢጫ ካለ ግን ናይትሮጅን ጠርጥሩ።

በስድስት ሳምንት ቁረጡ፣ በዲስቲልድ ውሃ እጠቡ፣ በ70 ዲግሪ አድርቁና መዝኑ፣ ከዛ ላብራቶሪ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ ላቡ የሚሰጣችሁ በኪሎ ስንት ሚሊግራም የሚለውን ብቻ ነው። ለምሳሌ 2 ግራም ደረቅ ቅጠል በ400 ቢሆን ያወጣው 0.8 ሚሊግራም ነው፣ 4 ግራም በ300 ግን 1.2 ነው፣ ቁጥሩ ወርዶም ብዙ ዚንክ ያወጣው ሁለተኛው ነው ማለት ነው። ሁሌ በደረቅ ክብደቱ አባዙት።

በነገራችን ላይ ጎመን እንደ አውሮፓው ኖኬያ አይደለም፣ ያ ተክል በኪሎ ደረቅ ቅጠል ከ10,000 ሚሊግራም በላይ ዚንክ ይይዛል፣ ከጎመን ያንን አትጠብቁ። ግን የተረፈውን ለዶሮም ለላምም እንዳትሰጡ፣ ድስት ውስጥማ ጭራሽ።