ሁለት ሰርቨሮችን ከአንድ የዲስክ ስብስብ ጋር በጋራ የስካዚ መስመር ማገናኘት

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ስሠራ ከሁለቱ ሰርቨሮች አንዱ ለጥገና ሲነቀል ሌላውም ዲስኮቹን ማየት አቆመ። ዲስኮቹ የተገናኙት በስካዚ (SCSI)፣ ማለትም ዲስኮችንና ኮምፒውተሮችን በአንድ የጋራ ኬብል በሚያገናኝ ሥርዓት ነበር፤ የመስመሩን ጫፍ የሚዘጋው ተርሚኔተር በተነቀለው ሰርቨር የስካዚ ካርድ ውስጥ ነበርና አብሮ ሄዷል። ሁለት ሰርቨር የሚገዛው አንዱ ሲቆም ሌላው ሥራውን እንዲቀጥል ስለሆነ፣ መስመሩም ከመነሻው ለዚህ ታስቦ መዘርጋት አለበት።

የስካዚ መስመር ሁለት ጫፎች ብቻ ያሉት ሲሆን በሁለቱም ላይ ተርሚኔተር ያስፈልገዋል፤ በመካከሉ ግን አንድም መኖር የለበትም። ጫፉ ክፍት ከሆነ ሲግናሉ እዚያ ደርሶ ይመለስና ከኋላው ከሚመጣው ጋር ይደባለቃል። ስለዚህ የሁለቱንም ካርዶችና የዲስክ ስብስቡን የውስጥ ተርሚኔተር ያጥፉ፤ የተርሚኔተር ኃይል መስጫውን ግን በሁለቱም ካርዶች ላይ እንደበራ ይተዉት። ከዚያም ሁሉንም መሣሪያ አጥፍተው በየሰርቨሩ ጀርባ የዋይ ቅርጽ ያለው ኬብል ይግጠሙ። የኬብሉ ግንድ ካርዱ ላይ ይሰካል፤ ከቅርንጫፎቹ አንዱ ወደ ዲስክ ስብስቡ ይሄዳል፤ በሌላው ላይ ደግሞ አነስተኛው የውጭ ተርሚኔተር በግራና በቀኝ ብሎኖቹ ይታሰራል። እንዲህ ሲሆን አንድ ሰርቨር የሚነቀለው ከግንዱ ላይ ብቻ ስለሆነ የመስመሩ ጫፍ እንደተዘጋ ይቆያል።

ከመሰካትዎ በፊት ኮኔክተሩን ወደ መብራት አዙረው 68ቱንም ፒኖች ይመልከቱ። የድሬዳዋ አቧራ በመካከላቸው ይገባል፤ በኃይል የተገፋ ኮኔክተርም ፒን ያጣምማል።

ሁለቱም ካርዶች ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ የሚወጡት መለያ ቁጥራቸው 7 ሆኖ ነው። በአንድ መስመር ላይ ተመሳሳይ ቁጥር መኖር ስለማይችል፣ አንዱን ሰርቨር ኬብሉ ሳይሰካ ለብቻው አስነሥተው ቁጥሩን ወደ 6 ይለውጡ፤ ለዲስክ ስብስቡ ኮንትሮለሮች (ዲስኮቹን ለሚቆጣጠሩት ክፍሎች) ደግሞ 0 እና 1ን ይስጡ። መስመሩን የመጠቀም ቅድሚያ ከ7 ወደ 0 ይወርዳል፤ ከ8 እስከ 15 ያሉት ከእነዚህ በኋላ ይመጣሉ።

በዝቅተኛ ቮልቴጅ ዲፈረንሻል (LVD፣ ሲግናሉ በሁለት ሽቦዎች የቮልቴጅ ልዩነት በሚላክበት) መስመር ላይ የኬብሉ ጠቅላላ ርዝመት፣ በሳጥኖቹ ውስጥ ያለውን ጨምሮ፣ ከ12 ሜትር መብለጥ የለበትም። የከፍተኛ ቮልቴጅ ዲፈረንሻል መሣሪያ ከዚህ ጋር ፈጽሞ አይሰካም፤ ካርዱን ሊያቃጥል ይችላል።

ሲያበሩ ዲስክ ስብስቡ ይቅደም፤ ዲስኮቹ ዝግጁ ሲሆኑ ሰርቨሮቹ ተራ በተራ ይከተሉ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ሁሉም በአንድ ጊዜ እንዳይነሣ፣ ሰርቨሮቹ በራሳቸው እንዳይበሩ አድርገው ያስተካክሏቸው።

የክላስተር ሶፍትዌር (የሁለቱን ሰርቨሮች የዲስክ አጠቃቀም የሚያስተባብር ፕሮግራም) ሳይጫን ሁለቱም ሰርቨሮች በአንድ የዲስክ ክፍልፋይ ላይ እንዲጽፉ አይፍቀዱ፤ አንዱ የሌላውን ጽሑፍ ስለማያውቅ መረጃው ይበላሻል። በመጨረሻም አንዱን ሰርቨር አጥፍተው ከግንዱ ይንቀሉትና በሌላው ላይ ትልቅ ፋይል ይገልብጡ፤ ከዚያም ቦታ ቀይረው ይድገሙት። በሁለቱም ጊዜ ግልባጩ ያለ ስሕተት ካለቀ መስመሩ ለሥራ ዝግጁ ነው።